ገባ ማለት ገጠመ ማለት አይደለም፦ ለአሮጌ መኪና ሌላ ቸርኬ ሲመረጥ የሚለኩ ነገሮች

አዳማ ላይ ለአሮጌ መኪና ባለቤቶች፣ ለመካኒኮችና ለጎሚስታዎች የተደረገ ንግግር በጽሑፍ

እንደምን አመሻችሁ።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ቸርኬ አለ። በግራ በኩል ያለው የላዳ የራሱ የብረት ቸርኬ ነው። በቀኝ ያለው ደግሞ ከፊያት ፑንቶ የወጣ የአልሙኒየም ቸርኬ ነው። ሁለቱም አራት ቀዳዳ አላቸው፤ የቀዳዳዎቹ አራራቅም አንድ ነው። ሻጩን «ለላዳ ይሆናል?» ብትሉት «አዎ፣ ይገባል» ይላችኋል። አልዋሸም፣ ብሎኑ ይገባል። ይሁን እንጂ ይህ ቸርኬ ላዳ ላይ እንዳለ ቢታሰር ሞዞው (ቸርኬው የሚታሰርበት የመኪናው እምብርት) ላይ ተደላድሎ አይቀመጥም፤ በዚያ ላይ ከራሱ ቸርኬ ይልቅ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ዛሬ የምንነጋገረው «ይገባል» በሚለውና «ይገጥማል» በሚለው መካከል ስላለው ልዩነት ነው።

ለአሮጌ መኪና ሌላ ቸርኬ የሚፈልግ ሰው አንዳንዴ ለመልኩ ነው፣ ይህም ነውር የለበትም። ብዙ ጊዜ ግን ቸግሮት ነው። የራሱ ቸርኬ በጉድጓድ ብዛት ከንፈሩ ተጣሟል፣ የብሎን መቀመጫው ተበልቷል፣ ወይም የ13 ኢንች ጎማ ምርጫ ስለጠበበበት ወደ 14 መውጣት አስቧል። ገበያው የሚያቀርብለት ደግሞ በአብዛኛው ለቪትዝና ለአዳዲሶቹ ኮሮላዎች የተሠራውን ነው። ስለዚህ ባለ ላዳው፣ ባለ ቮልሱ፣ ባለ ዲኤክሱና ባለ መርሴዲሱ የሌላ መኪና ቸርኬ ይዞ ነው ወደ ራሱ ሞዞ የሚመጣው። ሳይለካ ከገዛ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሆንበታል።

ከቀላሉ እንነሳ፤ ከፒሲዲ። ፒሲዲ በብሎኖቹ መሃል ለመሃል የሚዞረው ክብ ዲያሜትር ነው። 4 በ 98 ሲባል ብሎኑ አራት፣ ክቡ 98 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ከ2101 እስከ 2107 ያለው ላዳ 4 በ 98 ነው፤ የተቀዳበት ፊያት 124ም፣ ፊያት 128ም እንደዚያው። ትንሿ ፊያት 600 ግን 4 በ 190 ናት፤ ለእሷ የሚሆን ቸርኬ ከሌላ ዘመናዊ መኪና አትጠብቁ። መርሴዲስ 123 5 በ 112 ነው። የድሮው ላንድክሩዘር፣ 40 የምንለው፣ 6 በ 139.7 ነው። ላንድሮቨር 5 በ 165.1፣ የድሮዋ ሚኒ 4 በ 101.6። ነጥብ ያለባቸው ቁጥሮች ግራ አያጋቧችሁ፤ በኢንች የተነደፉ ናቸው። 101.6 ልክ አራት ኢንች፣ 114.3 አራት ተኩል፣ 139.7 አምስት ተኩል፣ 165.1 ስድስት ተኩል ኢንች ነው። ሚኒ ላይ የ4 በ 100 ቸርኬ እየታገሉ ለማሰር የሚሞክሩ ሰዎች የሚሳሳቱት በዚህች 1.6 ሚሊ ሜትር ነው።

ሁለት መኪኖች ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ስማቸው ስለሚያሳስት። አንዱ ዲኤክስ ነው። ከኋላ የሚነዳው የኮሮላ ትውልድ፣ ኢ 70 የሚባለው፣ 4 በ 114.3 ነው፤ የመሃል ቀዳዳው 60.1። ከእሱ ቀጥሎ የመጣውና ከፊት የሚነዳው ግን 4 በ 100 ነው፤ የመሃል ቀዳዳው 54.1። ሁለቱም ጀርባቸው ላይ ኮሮላ ዲኤክስ ሊል ይችላል፤ ሞዞው ግን የተለያየ ነው። የቪትዝ ቸርኬ 4 በ 100፣ መሃሉ 54.1 ስለሆነ ለሁለተኛው በፒሲዲም በመሃል ቀዳዳም ይስማማል፤ ለመጀመሪያው ግን በምንም መንገድ አይሆንም። ሌላው ቮልስ ነው። በጥቅሉ እስከ 1967 እ.ኤ.አ. ያሉት 5 በ 205፣ ከ1968 ሞዴል ወዲህ ያሉት 4 በ 130 ናቸው ይባላል። ነገር ግን ሃምሳ ዓመት ያለፈው ቮልስ የፍሬን ታምቡሩ ስንቴ እንደተቀየረ ማን ያውቃል? ከፊት አምስት፣ ከኋላ አራት ብሎን ያለው ቮልስም ሊያጋጥም ይችላል። ሊብሬ አይታችሁ አትግዙ፤ አራቱንም እግር ቁጠሩ።

አለካኩ እንዲህ ነው። ቀዳዳው አራት ወይም ስድስት ከሆነ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ቀዳዳዎች ያዙ፤ ከአንዱ ቀዳዳ ግራ ጠርዝ እስከ ሌላኛው ቀዳዳ ግራ ጠርዝ ለኩ። ከጠርዝ ወደ ተመሳሳይ ጠርዝ ስለሆነ መሃሉን መገመት አያስፈልግም። ቸርኬውን ከጀርባው ለኩ፤ ከፊት በኩል ቀዳዳው ለብሎኑ ራስ ስለሚሰፋ ያሳስታል። አምስት ቀዳዳ ሲሆን ፊት ለፊት የሚተያይ የለም። ያን ጊዜ ጎን ለጎን ያሉትን ሁለት ቀዳዳዎች መሃል ለመሃል ለክታችሁ በ1.7013 ታበዛላችሁ። 65.8 ካገኛችሁ 112 ነው፤ 67.2 ካገኛችሁ 114.3 ነው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት 1.4 ሚሊ ሜትር ብቻ መሆኑን ልብ በሉ። በልብስ ሰፊ ሜትር የሚለይ አይደለም፤ መለኪያ ካሊፐር ያስፈልጋል።

የ4 በ 100 ቸርኬ 4 በ 98 ሞዞ ላይ ቢታሰር ምን ይሆናል? እያንዳንዱ ቀዳዳ ከቦታው አንድ ሚሊ ሜትር ይሸሻል። የመጀመሪያው ብሎን ሲጠብቅ ቸርኬውን ወደ ራሱ ይጎትታል፤ የቀሪዎቹ ብሎኖች ራስ በአንድ ጎኑ ብቻ መቀመጫውን ይነካል። ቁልፉ ግን ጠበቀ ይላል። ብሎኑ ጠብቆ ሳይሆን ጎብጦ ነው የቆመው። ጎማው አንድ ጊዜ በዞረ ቁጥር ያ ጎባጣ ብሎን ይታጠፍና ይቃናል፤ ሽቦ እያጠፉ እያቃኑ እንደሚሰብሩት መሆኑ ነው። መጀመሪያ ከ80 በላይ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ባላንስ ተሠርቶም አይድንም። ቀጥሎ ብሎን ይላላል። በመጨረሻ ይበጠሳል፤ አንዱ ሲበጠስ ደግሞ ሸክሙ በቀሩት ላይ ስለሚወድቅ እነሱም አይቆዩም። ለ98 እና ለ100 ልዩነት ተብሎ የተሠራ፣ የራሱ ሾጣጣ ቀለበት ከግንዱ ተለይቶ የሚንቀሳቀስ ብሎን አለ፤ ይህን ሁለት ሚሊ ሜትር በሥርዓት የሚሸፍነው እሱ ነው። ከዚያ በላይ ላለ ልዩነት አይሆንም። ቀዳዳውን በሞረድ ማስፋት ግን ፈጽሞ አይደረግም፤ መቀመጫው ከተበላሸ ቸርኬው ሄደ ማለት ነው።

አሁን ወደ መሃል ቀዳዳው። ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚዘሉት ይህንን ነው፤ እኔ ግን ከፒሲዲ አሳንሼ አላየውም። ሞዞው መሃል ላይ ወጣ ያለ አንገት አለ። የመኪናው የራሱ ቸርኬ በዚህ አንገት ላይ ልክ ይገባል፤ መሃሉን የሚጠብቅለትም አንገቱ ነው። ብሎኑ ማጣበቂያ ነው። የላዳ አንገት 58.5 አካባቢ ስለሆነ የራሱ ቸርኬ 58.6 ቀዳዳ አለው። የፊያቱ ቀዳዳ ግን 58.1 ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትር! ቸርኬውን አንስታችሁ ሞዞው ላይ ስታስደግፉት የገባ ይመስላል። ብሎኑን ስታስሩ ደግሞ የአልሙኒየሙ ጠርዝ በብረቱ አንገት ላይ ተንጠልጥሎ ይነከሳል፤ የቸርኬው ጀርባና የሞዞው ፊት ግን ሙሉ በሙሉ አልተገናኙም። አልሙኒየሙ ለስላሳ ስለሆነ በጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ውስጥ እየተፋቀ ይለቃል። በተለቀቀው መጠን ብሎኑ ላላ ማለት ነው፤ ማንም ሳይነካው።

ይህንን ለማወቅ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ትበቃለች። ሞዞውን በሽቦ ብሩሽ ከዝገትና ከቀለም አጽዱ። ቸርኬውን ያለ ብሎን በእጃችሁ ገፍታችሁ ያዙት። ከዚያ ወረቀቱን በቸርኬው ጀርባና በሞዞው ፊት መካከል ለማስገባት ዙሪያውን ሞክሩ። አንድም ቦታ ካለፈ ቸርኬው አልተቀመጠም። መድኃኒቱ ቶርኖ ቤት ነው፦ ከየጎኑ ሩብ ሚሊ ሜትር ብቻ መላጥ። ለቶርኖ ሠራተኛው «ትንሽ አስፋልኝ» አትበሉት፤ ቁጥሩን ጽፋችሁ ስጡት፣ 58.6። ስፋቱ ወደ 60 ከሄደ ሌላ ችግር ገዛችሁ።

ተቃራኒውም አለ። ከመኪና አምራች ውጭ የሚሠሩ የስፖርት ቸርኬዎች ለብዙ ዓይነት መኪና እንዲሆኑ የመሃል ቀዳዳቸው ሰፊ ነው፤ 73.1 በብዛት ይታያል። ይህ ከኋላ በሚነዳው ዲኤክስ 60.1 አንገት ላይ ይንሳፈፋል። ለዚህ የመሃል ቀለበት ይገባል፣ በውጭ 73.1፣ በውስጥ 60.1። የፕላስቲክም የአልሙኒየምም አለ። ከአሰላ ቁልቁል ፍሬን እየረገጠ ለሚወርድ መኪና የአልሙኒየሙን እመርጣለሁ፤ ሙቀቱ ከታምቡሩና ከዲስኩ ወደ ሞዞው ይተላለፋል፣ ርካሽ ፕላስቲክም ይለሰልሳል። ቀለበት ካልተገኘ ቸርኬው በሾጣጣ ብሎኖቹ ብቻ መሃሉን መያዝ አለበት። ያኔ እግሩ በክሪክ ተነስቶ፣ ጎማው መሬት ሳይነካ፣ ብሎኖቹ በጣት ከገቡ በኋላ በመስቀል ቅደም ተከተል ቀስ እያሉ ይጠብቃሉ። በአየር ሽጉጥ አንዱን ጥርቅም አድርጎ ወደ ሁለተኛው መሄድ ቸርኬውን አሽሽቶ ያስቀራል፤ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው ፈጣን መንገድ ላይ መሪው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ጎሚስታው ባላንስ አልሠራም ተብሎ ይወቀሳል።

መርሴዲስ 123 ያላችሁ በዚህ በኩል ተጠንቀቁ። አንገቱ 66.5 ስለሆነ የመርሴዲስ ቸርኬ 66.6 ይሆናል። 5 በ 112 የሆኑ የጎልፍና የድሮ አውዲ ቸርኬዎች ግን 57.1 ናቸው፤ ቀዳዳው ስለተስማማ ብቻ ገዝቶ መመለስ ብርቅ አይደለም።

ጋራዥ ውስጥ የምንናገረው ቃል በብዛት ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ቸርኬ፣ ዳዶ፣ ኩሽኔታ፣ ታምቡር፣ ፓራፋንጎ። ቸርኬው ጀርባ ላይ የሚታተመው ትልቁ ምስጢር ግን ጀርመንኛ ነው። ኢቲ የሚሉት ሁለት ፊደላት አይንፕረስቲፈ ከሚል የጀርመን ቃል የመጡ ናቸው። ቸርኬውን ከጎኑ ሆናችሁ በወርዱ መሃል ለመሃል በመጋዝ እንደሰነጠቃችሁት አስቡ። ከዚያ መሃለኛ መስመር እስከ ሞዞው መቀመጫ ድረስ ያለው ርቀት ኢቲ ነው። መቀመጫው ከመስመሩ ወደ ውጭ፣ ወደ መንገዱ ከሆነ ቁጥሩ ፖዘቲቭ ነው፤ ጎማው ወደ ውስጥ ይገባል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል።

ኢቲ ብቻውን ግን አይነገርም፤ ከወርዱ ጋር ነው። 5ጄ በ 13 ሲል ወርዱ አምስት ኢንች፣ ዲያሜትሩ 13 ኢንች ነው፤ ጄ የምትለዋ ፊደል የከንፈሩን ቅርጽ ትናገራለች። አምስት ኢንች የሚለካው ጎማው በሚቀመጥበት ከውስጥ ነው። ከውጭ፣ ከከንፈር ጫፍ እስከ ከንፈር ጫፍ፣ አንድ ኢንች ያህል ይጨምራል። እንግዲህ የላዳን ቸርኬ እናስላ፦ 5ጄ፣ ኢቲ 29። ሙሉ ወርዱ ስድስት ኢንች፣ 152.4 ሚሊ ሜትር፤ ግማሹ 76.2። ወደ ውስጥ በኩል 76.2 ላይ 29 ስትደምሩ 105.2 ነው። ወደ ውጭ በኩል 29 ስትቀንሱ 47.2።

አሁን የቀኙ ቸርኬ። ጀርባው ላይ 5½ጄ በ 14፣ ኢቲ 44 ይላል። ሙሉ ወርዱ ስድስት ተኩል ኢንች፣ ግማሹ 82.5። ወደ ውስጥ 126.5፣ ወደ ውጭ 38.5። ከላዳው ጋር አስተያዩት፦ ወደ ውስጥ 21 ሚሊ ሜትር ጨመረ። ፊት ላይ ይህ 21 ሚሊ ሜትር ቴስቲናውን (የመሪ ዘንጉን መጋጠሚያ) እና የመሪውን ክንድ ፍለጋ ይሄዳል። ቆሞ ሲታይ አይነካም ይሆናል፤ መሪው ሲጠመዘዝና ሞላው ሲጨመቅ ነው የሚነካው። በሌላ በኩል 6ጄ፣ ኢቲ 15 የሆነ ቸርኬ ውሰዱ። ግማሹ 88.9፤ ወደ ውስጥ 103.9፣ ወደ ውጭ 73.9። ወደ ውስጥ ከራሱ ቸርኬ ጋር እኩል ማለት ይቻላል፣ እንዲያውም ያነሰ ነው። ወደ ውጭ ግን 27 ሚሊ ሜትር ወጣ። የሚያሰጋው ፓራፋንጎው ነው፤ ቀጥሎም ኩሽኔታው።

ስለ ኩሽኔታው ትንሽ ልበል። የራሱ ቸርኬ ሲነደፍ የመኪናው ክብደት በውስጥና በውጭ ኩሽኔታ መካከል እንዲያርፍ ታስቦ ነው። ጎማውን 27 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ስታወጡት ክብደቱ እንደ ረጅም ዱላ ጫፍ ላይ እንደተንጠለጠለ ዕቃ ሞዞውን ይጠመዝዛል። ፊት ላይ ደግሞ መሪው የሚዞርበት መስመርና ጎማው መሬት የሚነካበት ቦታ ይራራቃሉ። ውጤቱ በእጅ ይሰማል፦ አንዱ ጎማ ኮብልስቶኑ ላይ ጉድጓድ ሲያገኝ መሪው ከእጅ ይነጠቃል፣ አንዱ ፍሬን ከሌላው ቀድሞ ሲይዝም መኪናው ወደዚያ ይጎትታል። በአሮጌ መኪና ላይ ከፋብሪካው ኢቲ ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ መራቅን አልመክርም። ወርዱ ሲጨምር ጭማሪውን በውስጥና በውጭ የሚያካፍል ኢቲ ፈልጉ።

ቁጥሩ ካልታተመ ወይም በቀለም ከተሸፈነ መለካት ይቻላል። ጎማው ይውለቅ፤ የተነፋ ጎማ ከከንፈሩ ወጥቶ ጣውላውን ስለሚያነሳው ልኩን ያበላሻል። ቸርኬውን ፊቱን ወደ መሬት ደፍታችሁ ጀርባው ላይ ቀጥ ያለ ጣውላ ከከንፈር ከንፈር አጋድሙ። ከጣውላው እስከ ሞዞው መቀመጫ ድረስ ያለውን ጥልቀት ለኩ። ከዚህ ላይ የሙሉ ወርዱን ግማሽ ቀንሱ፤ የቀረው ኢቲ ነው። የላዳው ቸርኬ 105 ጥልቀት ካሳየ፣ 76 ሲቀነስ 29።

ቁጥሮቹ ተስማምተውም ቸርኬ አልገጥም የሚልበት ጊዜ አለ። የአንዳንዱ ስፖርት ቸርኬ ክንዶች ወደ ውስጥ የታጠፉ ስለሆኑ የዲስክ ፍሬኑን አካል ይነካሉ። ይህን ቁጥር አይነግራችሁም። ሞዞው ላይ ሰቅላችሁ በእጃችሁ አዙሩት።

እስፔሰር እዚህ ጋ ይነሳል። ወደ ውስጥ የገባን ቸርኬ ለማውጣት ጠፍጣፋ ቀለበት ማስገባት ነው። አምስት ሚሊ ሜትር እንኳ ብታስገቡ የሞዞውን አንገት በከፊል ይሸፍነዋል፤ ብሎኑም በዚያው ልክ ያጥራል። አንገት ያለው እስፔሰርና በውፍረቱ ልክ የረዘመ ብሎን ካልተገኘ ተዉት። ሮንዴላ ደርድሮ ቸርኬ ማውጣት ደግሞ የሰው ነፍስ ማስያዝ ነው።

ብሎንና ዳዶ። ዳዶ ሞዞው ላይ በቆመ ብሎን ላይ የሚጠብቀው ነው። ኤም 12 በ 1.25 ሲባል የብሎኑ ውፍረት 12፣ ከጥርስ ጥርስ ያለው ርቀት 1.25 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ላዳና ፊያት ኤም 12 በ 1.25 ናቸው፤ ኒሳንም እንዲሁ። ቶዮታ ኤም 12 በ 1.5 ነው። ባለ አምስት ቀዳዳው ቮልስ ኤም 12 በ 1.5፣ ባለ አራቱ ኤም 14 በ 1.5። የኒሳን ዳዶ ቶዮታ ላይ ሁለት ዙር ያህል በጣት ይገባና ይያዛል። እዚያ ላይ ቁልፍ ያነሳ ሰው ጥርሱን ጨረሰው። ዳዶ እስከ መጨረሻው በጣት መሄድ አለበት፤ ቁልፍ የሚመጣው በኋላ ነው።

ከጥርሱ ቀጥሎ የብሎኑ ራስ መቀመጫ ነው። ሦስት ዓይነት አለ፦ ሾጣጣ፣ ድቡልቡል፣ ጠፍጣፋ። ቮልስና መርሴዲስ ከፋብሪካው ድቡልቡል ነው፤ ከውጭ የሚገዙት ስፖርት ቸርኬዎች ብዙዎቹ 60 ዲግሪ ሾጣጣ ናቸው። የቶዮታ የፋብሪካ አልሙኒየም ቸርኬዎች ጠፍጣፋ ሮንዴላ ያለው ባለ አንገት ዳዶ የሚፈልጉ አሉ፤ የብረት ቸርኬው ግን ሾጣጣ ነው። ድቡልቡል ራስ በሾጣጣ መቀመጫ ውስጥ ሲጠብቅ የሚነካው እንደ ክር በቀጠነ ዙሪያ ብቻ ነው። ለማረጋገጥ ብሎኑን አስራችሁ ፍቱና መቀመጫውን እዩ፤ ሰፊና ወጥ የሆነ የማረፊያ ምልክት ካልታየ አይሆንም።

ርዝመቱስ? የአልሙኒየም ቸርኬ ከብረቱ ይወፍራል። የራሱን ብሎን በብረት ቸርኬው ውስጥ አስገብታችሁ ከጀርባው ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚወጣ ለኩ፤ በአዲሱ ቸርኬም ጀርባ ያንኑ ያህል የሚወጣ ብሎን ግዙ። ትንሹ ልክ የብሎኑ ውፍረት ነው፦ ኤም 12 ቢያንስ 12 ሚሊ ሜትር ይያዝ። በዙር ሲቆጠር 1.5 ጥርስ ላለው ስምንት ዙር፣ 1.25 ላለው አሥር ዙር ገደማ። ከመጠን በላይ ሲረዝም ደግሞ ታምቡሩ ውስጥ ዘልቆ የፍሬኑን ዕቃ ይነካል።

ጎማው ላይ ፈጠን ልበል። ዋናው ነገር የተነፋው ጎማ ቁመት እንዳይቀየር ነው። 165/80 አር 13 ቁመቱ 594 ሚሊ ሜትር ነው፦ 13 ኢንች 330.2፣ ከላይና ከታች 132 (የ165 ሚሊ ሜትር ወርዱ 80 በመቶ) ሲደመር። ወደ 14 ስትወጡ 185/65 አር 14 ቁመቱ 596 ስለሚሆን ልክ ይተካዋል። 185/60 አር 14 ብትመርጡ 578 ይሆናል፤ መኪናው ዝቅ ይላል፣ ፍጥነት መቁጠሪያውም በእውነተኛው 100 ላይ 103 ያሳያል። የድሮ ጎማ ላይ 165 አር 13 ብቻ ተጽፎ የጎኑ ቁጥር ከሌለ 80 አካባቢ ነው ብላችሁ አስሉ። 185/65 ከ5 እስከ 6½ ኢንች ወርድ ባለው ቸርኬ ላይ ይሆናል። እንግዲህ 20 ሚሊ ሜትር የሰፋ ጎማ ከየጎኑ 10 ሚሊ ሜትር እንደሚጨምር አትርሱ፤ ቀደም ብለን ያሰላነው ለቸርኬው ብቻ ነበር። አሮጌ የብረት ቸርኬ ላይ ጎማው የሚቀመጥበት ቦታ ጉብታ ከሌለው የውስጥ ጎማ ይኑረው።

ያገለገለ የአልሙኒየም ቸርኬ ስትገዙ ከውስጥ በኩል ያለውን በርሜሉን በጣትና በመብራት ፈትሹ፤ ስንጥቅና ብየዳ የሚደበቀው እዚያ ነው። የተበየደ አትውሰዱ። ለጃፓን ገበያ በተሠሩት ላይ ጄደብሊውኤል የሚል የደረጃ ምልክት ይታተማል። የሚሸከመው ከፍተኛ ክብደትም የታተመባቸው አሉ፤ የኋላ አክስሉ የሚፈቀድለት ክብደት ግማሽ ከዚያ መብለጥ የለበትም። በተለይ የትንሽ መኪና ቸርኬ ወደ ከባድ መኪና ሲሄድ ይህ ይታይ።

የመጨረሻው ፍተሻ ሊጥ ይፈልጋል። አዎ፣ የዳቦ ሊጥ። ቸርኬና ጎማ ከታሰሩ በኋላ ከፓራፋንጎው ከንፈር በስተውስጥ፣ በአሞርዛተሩ ላይና በፍሬን ቱቦው አጠገብ እንደ ለውዝ ፍሬ ያሉ የሊጥ ጉብታዎች ለጥፉ። አምስት ሰው ይሳፈር፤ እሁድ ወደ ሶደሬ እንደሚወርድ መኪና ማለት ነው። ባዶውን የፈተሻችሁት መኪና ምንም አይነግራችሁም። መሪውን እስከ ጥግ ግራና ቀኝ እያዞራችሁ በዝግታ ንዱ፣ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ አንዴ በቀጥታ አንዴ በአግድመት ውጡ። ከዚያ ሊጡን እዩ። ያልተነካ ጥሩ ነው። የተጨፈለቀ ካለ የቀረውን ውፍረት ለኩ፤ ከማይንቀሳቀስ ነገር አምስት ሚሊ ሜትር፣ ከፍሬን ቱቦና ከፓራፋንጎ ከንፈር አሥር ሚሊ ሜትር ካልቀረ አትቀበሉት። ከኋላ እንደ ቮልስ ያለ አክስሉ የሚወዛወዝ መኪና ሲሆን አንዱን ጎን ብቻ በክሪክ እያነሳችሁ ድገሙት፤ ጎማው ሲወጣና ሲወርድ ያጋድላልና ቆሞ ሲታይ የነበረው ክፍተት አይቆይም።

ሲታሰር የሞዞው ፊትና የቸርኬው ጀርባ ንጹሕ ይሁን፣ ቀለምም ግራሶም አይኑርበት። ቀለም በመካከል ከገባ ሲረገጥ ይሳሳል፣ በሳሳው ልክ ብሎኑ ይላላል። በመስቀል፣ በሦስት ዙር፣ በቶርክ ቁልፍ እሰሩ። መርሴዲስ 123 110 ኒውተን ሜትር ነው፤ የሌላውን ከመኪናው መጽሐፍ አንብቡ፣ ከመኪና መኪና ይለያያልና። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ፣ ሲቀዘቅዝ፣ እንደገና ፈትሹ። አዳማ ለታሰረ ቸርኬ አዲስ አበባ ደርሶ መፈተሽ ልክ ነው።

አንድ ነገር ቀረ፣ ስኮርታው (ትርፍ ጎማው)። አራቱ እግር ወደ አልሙኒየም ሲቀየር ስኮርታው ብዙ ጊዜ የድሮው የብረት ቸርኬ ሆኖ ይቀራል። እንደ ላዳና ቮልስ በብሎን የሚታሰር መኪና ከሆነ አዲሱ ብሎን ለወፍራሙ ቸርኬ የረዘመ ነው። በአዋሽ መንገድ ጎማ ፈንድቶ፣ በምሽት፣ ያንን ረጅም ብሎን በቀጭኑ የብረት ቸርኬ ውስጥ ብታስሩት ጫፉ ከኋላ ካለው ዕቃ ጋር ተጋጭቶ ይቆማል፤ ቁልፉ ጠበቀ ይላል፣ ቸርኬው ግን ላላ ነው። ስለዚህ የድሮዎቹን አራት አጭር ብሎኖች አትሽጡ፣ ለማንም አታውሱ። በጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ «የስኮርታ» ብላችሁ ጽፋችሁ፣ ከክሪኩ ጋር አስቀምጧቸው።